ባዶ የመጣው ሳህን

እኔ በቀላሉ የምፈራ ሴት አይደለሁም። ጅቡቲ፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር፣ ቤቴ በር ላይ ሶማሌ ሴቶች የሚለብሱትን ስስ የዲራ ጨርቅ ዘርግቼ ስሸጥ፣ ሰክሮ ከመጣ መርከበኛ ጋርም፣ ጨርቅ አንሥቶ ሊሮጥ ከቃጣው ዱርዬ ጋርም ተናንቄ አውቃለሁ። ምላስሽ ስለት ነው ይሉኛል፤ አልክድም። ግን አንድ ዓመት፣ በየጠዋቱ በበሬ ፊት የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን ደፍተው ሰላም ሳይሉኝ ስላለፉ ብቻ እንቅልፍ እስካጣ ፈርቻለሁ። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ። ልጅ ሊወስድባቸው የመጣ ሰው አጋጥሟቸው አያውቅም።

ባሌ የሞተው ልጃችን ስምንት ዓመት ሳይሞላት ነው። ጉበቱን ታሞ፣ ይድናል ስንል፣ ሳይቆይ ሄደ። እሱም እኔም የድሬዳዋ ልጆች ነን፤ ጅቡቲ የመጣነው እንደተጋባን፣ ጨርቅ ልንነግድ ነበር። ባል የሞተባት ሴት ቤት የምትቀመጥበትን ጊዜ ጨርሼ ሱቄን እንደገና በከፈትኩ ሰሞን የባሌ ታላቅ ወንድም ከድሬዳዋ በባቡር መጣ። ሊያጽናናኝ የመጣ መስሎኝ ሩዝና ዓሣ ሠርቼ አቀረብኩለት። በላ፣ እጁን ታጠበ፣ ፎጣውን አጣጥፎ መለሰልኝ፤ ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጅቷን ይዤ ልሄድ ነው የመጣሁት» አለኝ። «የወንድሜ ዘር እዚህ ወደብ ላይ፣ ከወታደርና ከመርከበኛ መሃል፣ ወንድ በሌለበት ቤት አታድግም።»

«ጋሼ፣ ትቀልዳለህ?»

«ባቡሩ ሐሙስ ነው» አለኝ።

እኛ ድሬዎች ስንጣላ ሰፈር ይሰማል። እኔም ሽንጤን ገትሬ ጮህኩ፣ አለቀስኩ፣ የበላበትን ሳህን በፊቱ አነሣሁ። እሱ ግን ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። የሚጮህ ሰው ይደክመዋል፤ ይሄኛው ሁሉን አስቦ ጨርሶ የመጣ ሰው ነበር። ደብቄያት ብገኝ በሕግ ጠይቆኝ ጋቦዴ እስር ቤት እንደሚያስገባኝ ነገረኝ። የሚያውቃቸው ሰዎች እንዳሉትም ነገረኝ። ልጄ በመጋረጃው ጀርባ ሆና ትሰማ ነበር፤ እግሮቿ ከመጋረጃው ሥር ይታዩኛል።

ሐሙስ ከመድረሱ በፊት ሮጬ ቃዲው ዘንድ ሄድኩ። እሱንም አስጠሩት። ቃዲው ሁለታችንንም ሰሙን፤ ሰምተው ሲያበቁ ግን እንደተመኘሁት አልፈረዱም። የሁለታችሁ ወገን እዚህ ከተማ የለም፣ የቤተሰባችሁን ነገር የሚያውቅልኝም የለም አሉ፤ «ሁለታችሁም የምታምኑበት አንድ ሰው ፈልጉ። እሱ ይመርምር፣ እሱ ይፍረድ፤ የፈረደውን እኔ አጸናዋለሁ። እስከዚያ ልጅቷ ካለችበት አትነሣም» ብለው አሰናበቱን። ሐሙስ አለፈ። ግን ሁለታችንም የምናምነው ሰው ከየት ይምጣ? እኔ የጠራሁትን እሱ «ያንቺ ደንበኛ ነው» ይላል፤ እሱ የጠራውን እኔ «የሸሪክህ አማች ነው» እላለሁ። በመጨረሻ ሁለታችንም ሳንናገር የቀረንለት አንድ ስም ነበር።

እሳቸው በሰፈራችን ሐጂ የሚባሉ አፋር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ምድር ባቡር ሠርተው፣ ብዙውን ጊዜ ድሬዳዋ ኖረው፣ አማርኛውን እንደኛው ነው የሚናገሩት። ጡረታ ወጥተው፣ ሚስታቸው ሞተው፣ ከእኔ ቤት ቅያሱን ተሻግሮ ካለች የእንጨት ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ጠዋት ጠዋት ወደ መስጊድ ሲያልፉ «ሰላም አደርሽ ወይ ልጄ?» ይሉኛል። እኛ ድሬዎች አንቱታ ብዙም አይሆንልን፤ ትልቁንም ትንሹንም አንተ እንላለን። እሳቸውን አንቱ ስል ግን ምላሴ ተደናቅፎ አያውቅም። ለእኔ ጎረቤት፣ ለባሌ ወንድም ደግሞ የጣቢያ ትውውቅ ነበሩ። እሱ ጎረቤቷ ናቸው ብሎ ሰጋ፣ እኔ ትውውቁ ናቸው ብዬ ሰጋሁ፤ ስጋታችን እኩል ሲሆን ተስማማን።

መጀመሪያ የተቀመጥነው ከመስጊዱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ምንጣፍ ላይ ነው። ልጄ አጠገቤ ነበረች። ሐጂ ሁለታችንንም በየተራ ሰላም አሉን፣ ስለ ቤተሰብ ጠየቁን፣ ለባሌ ዱዓ አደረጉለት። ከዚያ ፊታቸው ሌላ ሆነ።

«ከዚህ ከተነሣን ጀምሮ» አሉ፣ «እኔ ለሁለታችሁም ባዕድ ነኝ። ሰላም አልላችሁም፣ ሰላም አትሉኝም። ውሃችሁን አልጠጣም። በሬን አታንኳኩም። የምትሉኝ ካለ እዚህ፣ አንዳችሁ በሌላችሁ ፊት ትሉኛላችሁ።» ወደ ልጄ ዞሩና «አንቺን አንድ ቀን ለብቻሽ አነጋግርሻለሁ። እስከዚያ ማንም እንዲህ በይ ቢልሽ እንዳትሰሚ፤ እናትሽም ብትሆን» አሏት። ልጄ ራሷን ነቀነቀች። እኔ ላስጠናት ያሰብኩትን ሁሉ ያወቁብኝ መሰለኝና አፈርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሐጂ በበሬ አለፉ። ልማድ ሆኖብኝ ረሳሁትና «ሰላም አደሩ ሐጂ?» ብዬ ተነሣሁ። ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ፣ ፍጥነታቸውን ሳይቀንሱ ሄዱ። ነግረውኛል፤ አዎ። ግን ሰላም መንሣት እኮ እኛ ዘንድ ትንሽ ነገር አይደለም። እኛ ሰው ስንጠላ ነው ሰላም የምንነሣው። ውሃ አልጠጣልሽም ያለ ሰው ቂም ይዟል ማለት ነው። ነገሩን አእምሮዬ ገብቶታል፤ ሆዴ ግን አልገባውም፤ ባር ባር እያለኝ ዋልኩ።

በየቀኑ እንዲያ ሆነ። ጨርቅ እየለካሁ እንኳ የእግራቸውን ኮቴ እለያለሁ። ሲያልፉ ቀና እላለሁ። ምናልባት ዛሬ ከዓይናቸው አንድ ነገር አነባለሁ እላለሁ፤ ምንም የለም። አንድ ጁምዓ ሰው ከመስጊድ ሲወጣ ሐጂና የባሌ ወንድም ትከሻ ለትከሻ ሆነው በበሩ ሲወጡ አየሁ። በር ነው፤ ሰው ይገፋፋል፤ ሌላ ምን ይሆናሉ? እኔ ግን በአንድ ሶፍ፣ ጎን ለጎን ቆመው ሰግደው፣ ምን ተባብለው ይሆን እያልኩ ቀኑን ሙሉ ስብሰለሰል ዋልኩ። ገበያተኛ ስንት ነው ሲለኝ ሌላ እመልሳለሁ።

ነገሩን ያባሰችው ጎረቤቴ ናት። ሶማሌ ናት፣ ልብስ ሰፊ፤ እሷ አማርኛውን ከእኔ፣ እኔ ሶማሊኛውን ከእሷ ለቃቅመን፣ በመሃሉ ፈረንሳይኛ ጣል እያደረግን ነው የምናወራው። «ዋላሌ» አለችኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው፣ «እኒህ ሰውዬ ለሱ ወግነዋል። ወንድ ለወንድ ነው የሚፈርደው። ከከተማው ዳር፣ ባልባላ፣ ዋራበሌ የሚባል ሰፈር እህቴ አለች፤ ልጅቷን እዚያ እናስቀምጣት። ባልባላን ሁሉ ቤት ለቤት ማን ይፈትሻል?»

«ጋቦዴስ?»

«ጋቦዴ የሚገባ የተያዘ ነው» አለች፣ ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች።

አይሆንም አልኳት። ግን ዋራበሌ የሚለው ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ከራሴ አልወጣ አለ።

ሐጂ ከረመዳን በፊት ሊጨርሱ አስበው ነበር። የባሌ ወንድም ግን የእናቱን ቃል ላምጣ ብሎ ጊዜ ጠየቀ፤ ሐጂም ፈቀዱለት። እሱ ድሬዳዋ ደርሶ እስኪመለስ ረመዳን ገባ። ለሱ ጊዜ መስጠታቸው ራሱ ለእኔ ሌላ ምልክት ሆነብኝ። እኔ ጊዜ ብጠይቅ ይሰጡኝ ነበር? አልጠየቅሁም እንጂ ይሰጡኝ ነበር፤ ይህን የማስበው ግን ዛሬ ነው።

ረመዳን በኛ ቅያስ የሳህን ወር ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ከሚሰማው የመግሪብ አዛን ትንሽ ቀደም ብሎ ከየቤቱ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይወጣል። ሳምቡሳው ወዲያ፣ ሾርባው ወዲህ፣ ሁሉም የሁሉንም ይቀምሳል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ሳህን ባዶውን አይመለስም። ተምር ይሁን፣ ቁራሽ ዳቦ ይሁን፣ ምንም ቢጠፋ ጭብጥ ስኳር፣ አንድ ነገር ይደረግበታል። ባዶ ሳህን ከመለስክ ሁለተኛ አትላኩልኝ ብለሃል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ለሐጂ የምልከውም እኔ ነበርኩ፤ የምታደርሰው ልጄ ናት። እሳቸው ሁልጊዜ ተምር አድርገው ይመልሱላታል፤ ግማሹን መንገድ ላይ በልታው ትመጣለች።

የመጀመሪያው ቀን ጓሮ ሆኜ ሳምቡሳ እጠብሳለሁ። መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ቆሟል፤ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ ራሴም ሌላ ቦታ ነው። እጄ እንደለመደው ሦስት ሳህን ሞላ። አንዱ ለልብስ ሰፊዋ፣ አንዱ ለየመኑ ዳቦ ጋጋሪ፣ አንዱ ... ቀና ስል ሦስቱም የሉም። ልጄም የለችም።

 ጭልፋው ከእጄ ወደቀ። ጫማ ሳላደርግ ወደ በር ሮጥኩ። ልጄ አበባ ያለበትን ሳህን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከቅያሱ ማዶ፣ የሐጂን በር በክርኗ ገፍታ ስትገባ አየኋት። ከዚያው ትይዩ፣ ካረፈበት ቤት ደጃፍ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠውንም ሰው አየሁ። የባሌ ወንድም ነበር። እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ተነሥቶ ገባ።

አዛን ሲል በውሃ አፈጠርኩ፤ እህል ግን አልወርድ አለኝ። ልጄ ምን እንዳጠፋች አታውቅም። «ሐጂ ምንም አላሉኝም፤ ሳህኑን ተቀብለው ሂጂ ብቻ አሉኝ» ትላለች። ፊቷ ላይ ግርታ አለ፤ ተምሯን ጠብቃ ነበር። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። የመስጊዱ ዘበኛ ነው። «ሐጂ ልከውት ነው» ብሎ ሳህኑን ሰጠኝ። ታጥቧል። ደርቋል። ባዶ ነው። ገልበጥ አድርጌ ጀርባውን ሁሉ አየሁት፤ ምን እንደምፈልግ አላውቅም። አንድ ፍሬ ተምር እንኳ የለበትም።

ልጄ ሳህኑን አይታ «አዘኑብን?» አለችኝ።  አለቀ ደቀቀ፣ ሰውየው ቆርጠዋል፣ ልጄን ወሰዱብኝ አልኩ በልቤ። ሳህኑን እንደያዝኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ወዲያው የባሌ ወንድም ፊቱን አጨፍግጎ መጣ። አልገባም፤ በሩ ላይ ቆመ። «ዳኛ በሳምቡሳ ልትገዢ?» አለኝ። «በዓይኔ አይቻለሁ። ነገ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ እንቀመጣለን፤ ይሄ ዳኝነት ይፈርሳል። ቃዲውም ጉቦ ለሰጠች እናት ልጅ እንደማይሰጡ ታይዋለሽ።» ምላስሽ ስለት ነው የምባለው ሴት አንድ ቃል አልወጣኝም። ልጅቷ ናት በልማዷ ያደረሰችው ብል ማን ያምነኛል? ቢያምነኝስ ጥፋቱን በልጄ ላይ ማድረጌ አይደል?

እንዳፈጠጥኩ ነጋ። የልጄን ልብሶች በአንድ ፌስታል ከተትኩ፤ ከላይ የትምህርት ቤት ካልሲዋን አደረግሁ። ለምን ካልሲ እንደሆነ አላውቅም። በሌሊት ብለምናት ልብስ ሰፊዋ ለእህቷ ነግራልኛለች። ልጄን እጇን ይዤ ወደ ባልባላ የሚሄደው ሚኒባስ ዘንድ ወጣሁ። ረዳቱ ይጠራል፣ ሰው ይሳፈራል፣ ፀሐዩ ገና በጠዋቱ አናት ይበሳል። ከኋላዬ ሰው የሚከተለኝ ይመስለኛል፤ ዞር እላለሁ፤ ማንም የለም። እግሬን አንሥቼ ልወጣ ስል ልጄ እጄን ሳበችኝ።

«ሐጂ ለብቻሽ አነጋግርሻለሁ ብለውኛል» አለችኝ። «ዛሬ ቢጠሩኝ የለችም ሊሏቸው ነው?»

«ባይጠሩሽስ?»

«ብለውኛል እኮ» አለች፣ የማይገባኝ ነገር እንዳለ ሁሉ።

ረዳቱ ትሳፈሪያለሽ አትሳፈሪም እያለ ይጮህብኛል። ዋራበሌ ወስጄ ብደብቃት ስንት ዓመት ልደብቃት ነው? ትምህርት ቤትስ? እኔ የማላምናቸውን ሰው ልጄ ታምናቸዋለች፤ እሷን ይዤ ብሮጥ ከዚያ በኋላ ማንን ታምናለች? አልተሳፈርኩም። ድፍረት አይደለም፤ ፍርሃቱ በሁለቱም በኩል እኩል ሆኖብኝ ነው የቆምኩት። ፌስታሉን በሻሽ ሸፍኜ በጓሮ በር ተመልሼ ገባሁ።

ከአስር ሶላት በኋላ በዚያችው ጠባብ ክፍል ተቀመጥን። ሐጂ ከንፈራቸው በጾም ደርቋል። የባሌ ወንድም አልጠበቀም፤ ሳህን መግባቱን፣ በዓይኑ ማየቱን፣ ዳኝነቱ መርከሱን ተናገረ። እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

«ሳህኑ መግባቱ እውነት ነው» አሉ ሐጂ።  ልጄን «ማን ላከሽ?» አሏት።

«ማንም አልላከኝም» አለች። «ረመዳን ነዋ።»

ሐጂ ጢማቸውን ያዙ። ከዚያ ወደ ባሌ ወንድም ዞሩ። «ትናንት የት አፈጠርክ?»

«እዚሁ፣ መስጊዱ በር ላይ፣ ከመንገደኛው ጋር።» ከኢትዮጵያ ጭነት ይዘው የሚመጡ ሾፌሮችና ማደሪያቸው ሩቅ የሆነባቸው ሰዎች እዚያ በተዘረጋው ምንጣፍ ላይ ነው የሚያፈጥሩት።

«ምን በላህ?»

«ተምር። ሾርባ። ሳምቡሳ።»

«ሳምቡሳውን ያከፋፈልኩት እኔ ነኝ» አሉ ሐጂ። «ከልጅቷ እንደተቀበልኩ በወረቀት አድርጌ ቀጥታ ምንጣፉ ላይ አመጣሁት፤ ቤቴ አላሳደርኩትም። አንተ ሁለት አነሣህ። ጨው በዝቶበታል ስትልም ሰምቼሃለሁ። እንግዲህ ከዚያ ሳህን የበላ ሰው እዚህ ካለ አንተ ነህ።»

የባሌ ወንድም አፉን ከፈተ፤ ዘጋ። እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። እንዲያ በፈራሁበት ሰዓት ሳቅ አፍኖኝ ሻሼን ነከስኩ። ሐጂ ግን አልሳቁም።

«ሳህኑን ባዶ የመለስኩት ሰው እንዲያይ ነው» አሉ፤ ለማናችን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ወደ ግድግዳው እያዩ። «አሁንም አላምንህም የሚለኝ ካለ አሁን ይበለኝ፤ ተነሥቼ እሄዳለሁ፤ አልቀየምም። ከተናገርኩ በኋላ ግን አይቻልም።»

 የባሌ ወንድም አይሆንም ካለ ሌላ ሰው ፍለጋ፣ ሌላ ወር፣ ምናልባትም የሱ ሰው። እሺ ካለ ደግሞ ፍርዱ ዛሬ ነው። የትኛውን እንደምመኝ እኔም አላውቅም። በመጨረሻ «ይቀጥሉ» አለ። ሐጂ እኔንም ጠየቁኝ። ራሴን ነቀነቅሁ።

ልጄን ይዘው ወደ ግቢው ወጡ። በተከፈተው በር አያቸዋለሁ እንጂ አልሰማቸውም። እሳቸው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ፣ እሷ ፊት ለፊታቸው ቆመች። አንድ ነገር ጠየቋት። የቀሚሷን ጫፍ እየጠቀለለች አሰበች፤ ከዚያ አጭር ነገር መለሰች። ምን አለች? ድሬዳዋ አያቷ ዘንድ የበግ ግልገል አለች፤ አጎቷ ነግሯታል። እሱን ብትልስ? የባሌ ወንድምም አንገቱን አስግጎ በሩን ያያል፤ መቁጠሪያውን ሳይቆጥር ጨብጦ ይዞታል። እሱም ይፈራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የሞተው ወንድሙ አንድ ነው፤ የቀረው የሱ ነገር እሷ ብቻ ናት። ለአፍታ አሳዘነኝ፤ ብዙ ግን አላሳዘነኝም።

ሐጂ ተመልሰው ተቀመጡ። «ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ ራሷን እስክትችል ከእናቷ ጋር ትቆያለች» አሉ። «ትምህርት ቤት ሲዘጋ አጎቷ ይወስዳታል፤ ሲከፈት ይመልሳታል። እናትየው አትከለክልም፣ አጎትየው አያስቀርም። አንዳችሁ ቃሉን ብታፈርሱ እኔ በሕይወት እስካለሁ ቃዲው ፊት እመሰክርባችኋለሁ።» ከዚያ ዓይናቸውን መጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ አነሡ። «የምትፈሪውን ሁሉ ለልጅ አታሸክሚ። ከብዷታል።»

ተነሥቼ እጃቸውን ልስም ስል ወደ ኋላ አሉ። «ፍርዱ ልጅቷ እስክታድግ ነው» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔም እስከዚያ ዳኛ ነኝ። ሰውየው ሩቅ አገር ነው፤ ከቤትሽ እንደምበላ ቢሰማ ምን ይላል?»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት አንገታቸውን ደፍተው አለፉ። በኢዱም፣ በሚቀጥለው ዓመትም፣ ከዚያ በኋላም እንዲሁ። በረመዳን ሳህን ሳሰማራ ቅያሱ ማዶ ያለችውን የእንጨት ቤት አላይም። ሾርባ የሚያደርስላቸው ሌላ ጎረቤት አልጠፋም፤ ግን ስንት ቀን በውሃና በተምር ብቻ እንዳፈጠሩ የመስጊዱ ዘበኛ ነግሮኛል። ይቆጨኝ ነበር፤ ደግሞ እፈራም ነበር። ልጄን በየዓመቱ ጣቢያ ድረስ ሸኝቼ ባቡሩ ላይ ካስቀመጥኳት ጀምሮ እስክትመለስ የሰው ፊት አላይም። ሁልጊዜም ተመለሰች። አጎቷ ቃሉን አንድ ቀን አላጓደለም፤ ይህን ሳልመሰክርለት ብቀር ግፍ ነው። ባቡሩ ከቆመ በኋላ እንኳ በመኪና ራሱ ያመጣት ነበር፤ ከበሬም ውሃ ጠጥቶ ይመለሳል።

ሐጂ ያን ቀን ደረጃው ላይ ምን ብለው እንደጠየቋት የነገረችኝ አድጋ ነው። ምረጪ አላሏትም። «የምትፈሪው ነገር ምንድን ነው?» ነበር ያሏት። እሷም «እናቴ ስትፈራ እፈራለሁ» አለቻቸው።

አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷት የሐጂ ፍርድ ባበቃበት ዓመት ረመዳን ሲገባ ሳምቡሳ ጠበስኩ። ያንን አበባ ያለበትን ሳህን ከላይ አውርጄ፣ ሞልቼ፣ በጨርቅ ሸፍኜ አስቀመጥኩት። መላክ ግን አቃተኝ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ባዶውን ቢመለስስ? ልጄ ቆማ አየችኝ። ምንም ሳትለኝ ሳህኑን አንሥታ ወጣች። በሩ ላይ ቆሜ እንደ ድሮው አየኋት። ሐጂ ዓይናቸው ደክሟል፤ በሩን ከፍተው ማን እንደሆነች ለማየት ጎንበስ አሉ። ተመልሳ ነገረችኝ። «ማን ላከሽ?» አሏት። «ማንም አልላከኝም፤ ረመዳን ነዋ» አለቻቸው። ሳህኑን ተቀብለው ገቡ። የዚያን ቀን ሳህኑ አልተመለሰም።

ጠዋት ጨርቄን ስዘረጋ የከዘራቸውን ድምፅ ሰማሁ። እንደለመድኩት አንገቴን ደፍቼ እስኪያልፉ ጠበቅሁ። ከዘራው በሬ ላይ ቆመ።

«ሰላም አደርሽ ወይ ልጄ?»

ቀና አልኩ። ሳህኑን በአንድ እጃቸው ይዘውታል፤ ተምር አለበት።  ሳህኑን በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው። ሐጂ ሄድ ካሉ በኋላ አንድ ነገር የረሱ ይመስል መለስ አሉ።

«ሰውየው እውነቱን ነበር» አሉኝ። «ጨው ይበዛበታል።»